የሙዜ ንጊላ ጉቶ

ወገኖቼ፣ አንዴ ዝም በሉልኝ! የበቆሎና የቦሎቄ ሙቶኮዩ ድስቱ ውስጥ ነው፣ የትም አይሄድም። እኔ ካቪንያ አንድ ቦታ መርጋት እንደማይሆንልኝ ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌያችንን ሙዜን ከሥራ የምንሸኝበትን ንግግር ቶሎ ጀምሬ ቶሎ ልጨርስ።

ሙዜ ንጊላ ወደዚህ ወደ ጠራቢዎች ማኅበራችን የመጡ ቀን አንበሳ ጠረቡ አሉ። ሊገዛ የመጣ ሰው አገላብጦ አየና፣ «ይቺስ ፍየል ታምራለች!» ብሎ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ እንጂ እንስሳ ነክተው አያውቁም። ምነው ሙዜ፣ ዋሸሁ?

እኔ ስመጣ እዚህ የሴት ሥራ ማለስለስና ዘይት መቀባት ብቻ ነበር። «መጥረቢያ ስጡኝ» ስል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ግን ጉቷቸው ላይ እንደተቀመጡ አንድ የወይራ ቁራጭ ወረወሩልኝ። «መጀመሪያ የማንኪያውን ሆድ፣ ከዚያ ጀርባውን» አሉኝ። እኔ መቼ ሰማሁ! ጀርባውን አሳምሬ ጨረስኩና ሆዱን ስፈለፍል መጥረቢያዋ በወዲያ በኩል ብቅ አለች።

ደንባቸውን ታውቁታላችሁ፤ ጀማሪ የተሻለ እስኪሠራ ድረስ የሚበላው በራሱ ማንኪያ ነው። ጠዋት አጥሚት ተቀዳ፤ የኔው ወደ ቀሚሴ ይወርድ ጀመር።

«ሙዜ፣ የሰው ማንኪያ ልዋስ?»

«የራስሽ የለሽም እንዴ?»

«ይፈሳል እኮ!»

«እንግዲያው ፈጠን ብለሽ ብዪ። መፍጠን ትወጂ የለ?»

ሁለተኛውን ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ተሰነጠቀ። እሳቸው እርጥቡን ማንኪያ ፍቅፋቂ ውስጥ የሚቀብሩት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ያ ጉሮሮ መጥረጋቸውስ! ከኋላችን «እህህ» ካሉ እጃችን ላይ ያለው ሊበላሽ ነው። አንድ ጊዜ የምር ጉንፋን ይዟቸው ማኅበሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ዋለ።

በቃ፣ ቀልዱ ይብቃን።

ሙዜ፣ ሰኞ እዚያ ጉቶ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አዳዲስ ጀማሪዎች ይመጣሉ፤ ሴቶችም አሉባቸው። ፈርቻለሁ፤ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። ትናንት፣ «ምን አይተው ነው እኔን የመረጡት? ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም» ብዬ ጠየቅሁዎት።

«እኔስ ያለኝ ይመስልሻል?» አሉኝ። «ጀማሪ መጥረቢያ በያዘ ቁጥር፣ ንጠቀው ንጠቀው ይለኛል። ታዲያ ለምን ይመስልሻል እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ የምቀመጠው?»

እኛ እኮ ብርድ መስሎን ነበር! ስንት እንጨት ሳበላሽ አንድም ቀን ነጥቀው አልሠሩልኝም። ያኔ ቢሠሩልኝ ኖሮ፣ ዛሬም የሰው ማንኪያ ዘይት እየቀባሁ ነበር። አመሰግንዎታለሁ ሙዜ። እወድዎታለሁም፤ ይኸው በሰው ፊት ተናገርኩት።

በሉ፣ ሻይ የያዘ ሻዩን፣ ሶዳ የያዘ ሶዳውን ያንሳ! ለሙዜ ጤናና ረጅም ዕድሜ! ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ለሚችሏቸው ለባለቤታቸው ለማማ ሲዮምቡዋ ደግሞ ብርታቱን ይስጣቸው!

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ሰኞ እንዳይመጡ። ፊትዎን ካየሁ እንጨቱን አላይም። ሳምንቱን ሙሉ ቤትዎ አርፈው ይቀመጡ፤ እኔም ልልመደው።

ወይም ረቡዕ ብቅ ይበሉ፣ ለአንድ አፍታ።

ኧረ ምን አባቴ ልሁን፣ ሰኞ ይምጡ! በጠዋት ይምጡልኝ፣ ማንም ሳይገባ። ለጤናዎ!