ጭጋግ ሲሆን የሚያመው ሞተር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ላለው መካኒክ ስለ መኪናቸው ያወሩለት ነበር።

«ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ልጄ ነው ያበላሸው።»

«ሁልጊዜ ነው አባባ?»

«ጠዋት ጠዋት ነው፣ ደሴ ጭጋግ ሲሆን። ኮምቦልቻ ሲወርድ ይሻለዋል።»

«ካንዴላው ተቀይሯል?»

«ሁለቴ።»

«የካንዴላው ኬብልስ?»

«እሱን ማንም አላየው።»

«እንግዲያው ኬብሉ ተሰንጥቆ ይሆናል። እርጥበት ሲነካው ወደ ካንዴላው የሚሄደው እሳት በስንጥቁ ያመልጥና አንዱ ፒስተን ሥራ ያቆማል። ሲደርቅ ይስተካከላል።»

«ልጁ አነዳድ ባያውቅበትስ?»

«ወላሂ አባባ፣ ይኼ ከአነዳድ አይመጣም። እሱ ምን አለ?»

«እኔ አላጠፋሁም አለ። ቁልፉን ተቀብዬ ከቤት አባረርሁት። ኩታበር አክስቱ ዘንድ ከገባ ሁለት ወር ሆነው።»

«አብሽሩ አባባ። ይደውሉለት።»

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ሰይድ፣ እኔ ነኝ፣ አባትህ። ኬብሉ ነው አሉኝ።»

ጥቂት አዳመጡ።

«መኪናውን ተወው አሁን። አንተ መቼ ትመጣለህ?»

መውረጃዬ ሲያልፍ አየሁት እንጂ «ወራጅ አለ» አላልኩም።