ጋሽ ላቀው አልሞትም አሉ

(ለተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ በተከራዩት የጉለሌ ቤት፣ ስልሳን ያለፉት ተዋናይ ጋሽ ላቀው ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፈው አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ ወጣቷ አዘጋጅ ሳምራዊት ከራስጌያቸው ቆማለች።)

ሳምራዊት፦ ጋሽ ላቀው፣ በእመቤቴ ይሙቱልኝና ምሳ እንብላ።

ላቀው፦ አልሞትም አልኩሽ እኮ።

ሳምራዊት፦ ጠዋቱን ሙሉ ሊሞቱ ሲሉ ይድናሉ። ቅድም ጭራሽ ተነስተው ሾርባ አዘዙ።

ላቀው፦ የታመመ ሰው አይድንም ያለሽ ማነው?

ሳምራዊት፦ ድርሰቱ ነዋ። ክፉው አጎት ካልሞተ እነዚያ የሙት ልጆች የነጠቃቸውን ቤት በምን ያገኙታል?

ላቀው፦ ይውሰዱት፤ እኔ ልውጣላቸው። ገዳም አስገቢኝ።

ሳምራዊት፦ ያን ሁሉ ግፍ ሠርተው? የትኛው ገዳም ነው የሚቀበልዎት?

ላቀው፦ እንግዲያው እሰሪኝ። ስሚ ልጄ፣ ሞት ጠልቼ አይደለም። ቴአትር ቤት በመጀመሪያው ገቢር እየሞትኩ፣ ቀሪውን ከመጋረጃ ጀርባ ካርታ ስጫወት ነው ያረጀሁት። በጩቤ ሞቻለሁ፣ በመርዝ ሞቻለሁ፣ ከገደል ተወርውሬ ሞቻለሁ። ወደ ቴሌቪዥን ስመጣም ያው ነው። መንገድ ላይ ስሜን የሚያውቅ የለም፤ «ያ የሚሞተው ሰውዬ» ነው የምባለው።

ሳምራዊት፦ ታዲያ የለመዱት ነገር ዛሬ ምን አስፈራዎት?

ላቀው፦ እናቴ።

ሳምራዊት፦ እናትዎ ደግሞ ከየት መጡ?

ላቀው፦ ሐይቅ ከተማ ነው ያለችው፤ ዘጠና ዓመቷ ነው። አንድም ቀን ስሠራ አይታኝ አታውቅም። ሰሞኑን እህቴ ቴሌቪዥን ገዝታላት ተመለሰች። አሁን «ልጄን ልየው» ብላ ከፊቱ አትነሳም። እዚያ ላይ ልሙትባት? እውነት ይመስላታል፤ ድንኳን ነው የምታስተክለው።

ሳምራዊት፦ ይደውሉና ድራማ ነው ይበሏቸው።

ላቀው፦ እኔ ብነግራት ሊያጽናናኝ ነው ትላለች። አንቺ አናግሪያት። ይኸው፣ እየጠራ ነው። «አልገድለውም» በያት፣ ሌላ ምንም አልልሽም።

ሳምራዊት፦ ምን ዓይነት ጣጣ ነው ዛሬ የገጠመኝ... ሄሎ፣ እማማ? ሳምራዊት እባላለሁ፣ የድራማው አዘጋጅ ነኝ... ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን... አዎ፣ ያ አጎትየው፤ ስለ እሱ ነበር የደወልኩት... አይ እማማ፣ እንዲህ አይርገሙ... እሺ። እሺ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።

ላቀው፦ አለቀሰች አይደል? አላልኩሽም? የእናት ሆድ እኮ...

ሳምራዊት፦ «ያን አረመኔ ምን ታስታምሚዋለሽ፣ ዛሬውኑ ድፊልኝ» ነው ያሉት።

ላቀው፦ እኔን?

ሳምራዊት፦ አጎትየውን። «ልጄስ መቼ ነው ብቅ የሚለው?» ብለውም ጠየቁኝ።

ላቀው፦ አላወቀችኝም?

ሳምራዊት፦ ጢሙ ይሆናል። ደግሞ በዘጠና ዓመት ዓይን...

ላቀው፦ የምን ዓይን? ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የምታስገባ ሴት ናት። ሳምሪ፣ የወለደችኝ እናቴ አላወቀችኝም እኮ።

ሳምራዊት፦ ጋሽ ላቀው፣ እየሳቁ ነው እያለቀሱ?

ላቀው፦ ሁለቱንም። በሥራዬ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በይ ትራሱን አስተካክይና ካሜራሽን አስነሺ፤ አንጀቷ እስኪርስ ነው የምሞትላት።