ለቀኝ ዓይን ዘበኛ

ዝናቡ ባይጥል ኖሮ አባ አስር በዚያ ሱቅ በኩል ዝም ብለው ያልፉ ነበር። ዝናቡ ግን ምንም ሳያስጠነቅቅ ዱብ አለ፤ ሽማግሌውም ረጅሙን ጥቁር ሻንጣቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከመንገዱ ማዶ እየተጣደፉ መጡና የመነጽር ሱቁ ታዛ ስር ተወሸቁ።

ሱቁ ውስጥ የነበረችው አንዲት የአስረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሱቁ የአክስቷ ነው። እሷ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣች መነጽር ትወለውላለች፣ የላላ ብሎን ታጠብቃለች፣ ደንበኛ ታነጋግራለች። አክስቷ «መርፌ» ነው የምትላት፤ ያልተጠራችበት ሁሉ ስለምትገባ። ልጅቷ ግን ስሙ ለቅጥነቷ የወጣላት ይመስላታል፤ እስካሁን ያረማት የለም።

በሩን ከፈት አደረገችና «አባባ፣ ይግቡ እንጂ! ታዛው ያፈሳል። አክስቴ ላሠራው ነው ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው» አለች።

«እዚሁ ይበቃኛል ልጄ፣ የምገዛው የለኝም።»

«የማይገዛ ሰው ይረጠብ የሚል ሕግ አለ እንዴ? ደሞ ሻንጣዎ እየራሰ ነው። ምንድን ነው እሱ? መለከት ነው?»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። ሰው ከሳቀ ደግሞ መግባቱ አይቀርም። ሲገቡ በግራ ትከሻቸው የመነጽር መደርደሪያውን ገጩት፤ መርፌ የሚወድቁትን ሁለት መነጽሮች በአየር ላይ ቀለበች።

«ጠመንጃ ነው» አሉ ተቀምጠው። «አትደንግጪ፣ ባዶ ነው። ጥይቱ እዚያው ክበባችን ተቆልፎበታል።»

ጨዋታ ተጀመረ። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን የዒላማ ተኩስ ክበብ ይሄዳሉ። የዒላማው የመሀል ክብ አስር ነጥብ ነው፤ እሳቸው እሱን እምብዛም ስለማይስቱ ስማቸው ቀርቶ አባ አስር ተባሉ። ነገ ቅዳሜ ውድድር አለ። ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ የወሰደባቸው ጎረቤታቸው ባለ ወፍጮው ነው። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ጎምዛዛ ነገር እንደቀመሰ ሰው ተጨማደደ።

ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ካሉት ጥቃቅን መፍቻዎች ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ ከተገናኘን አይቀር አንድ ነገር አግዢኝ» አሉና ከኪሳቸው ወፍራም ጥቁር የፀሐይ መነጽር አወጡ። «የቀኙን መስታወት አውጪልኝ።»

«ተሰንጥቋል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን ይወጣል?»

«ዛሬ ጠዋት ክበቡ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። ከነገ ጀምሮ መነጽር ያላደረገ መተኮሻው መስመር ላይ አይቆምም። እኔ ሕግ አከብራለሁ። ግን የምተኩሰው በቀኝ ዓይኔ ነው፤ በቀኝ ዓይኔና በዒላማው መሀል ማንም እንዲገባ አልፈልግም። የግራው እንዳለ ይቀመጥ። ከሩቅ ያየኝ ‹አድርጓል› ይላል። እኔም አያለሁ፣ እነሱም ዝም ይላሉ።»

ፊታቸው ላይ ትልቅ ብልሃት ያገኘ ሰው ኩራት ነበር። መርፌ መፍቻዋን አነሳች፤ መነጽሩን ግን አልነካችም። ይህች ልጅ ከመጠየቋ በፊት የታዘዘችውን ሠርታ አታውቅም፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ከክፍል ተባራለች።

«አባባ፣ አውቶቡሱ ከፊት መስታወት ነበረው?»

«ያለ መስታወት የሚሄድ አውቶቡስ የት አይተሻል?»

«መንገዱን ከለከለዎት?»

«ቆዪ፣ ቆዪ! ወዴት እየነዳሽኝ እንደሆነ ገብቶኛል» አሉ ጣታቸውን እያወዛወዙ። «ዒላማ ሌላ ነው። አርባ ዓመት ተኩሻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ዓይኔን የነካኝ ነገር የለም።»

«ሲነዱስ ስንቴ ተጋጩ?»

«እኔ? አንድም ቀን!» ደረታቸው ተነፋ።

«ታዲያ ‹ተጋጭቼ አላውቅም› ብለው ፍሬኑን አስነቅለው ጣሉት?»

ሽማግሌው መነጽሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ከእልኸኛ ሰው ጋር የተከራከረ እንደሚያውቀው ግን መልስ ማጣትና ማመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ምላስሽስ ደህና ተስሏል። ግን እኮ የግራውን ትቼላቸዋለሁ! ሁለት ዓይን አለኝ፤ አንዱ ይጠበቅ፣ አንዱ ይሥራ።»

መርፌ መደርደሪያው ሲገጭ ማየቷ ትዝ አላት። ደግሞ በግራቸው በኩል ሆና ስታናግራቸው አንገታቸውን ሙሉ በሙሉ ነበር የሚያዞሩት።

«እስቲ ቀኝዎን በእጅዎ ይሸፍኑና እዚያ ግድግዳ ላይ ያሉትን ፊደሎች ያንብቡልኝ።»

«ዝናቡ አባራ መሰለኝ» አሉ አባ አስር።

ዝናቡ ጣራውን እየቀጠቀጠው ነበር።

«የላይኛው ፊደል ድመት ያክላል እኮ፣ አባባ።»

ቀስ ብለው ቀኝ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ወደፊት አዩ፤ ትንሽ ወደ ጎን አዩ።

«የትኛው ግድግዳ?» አሉ።

መርፌ ቀልዷ ጠፋ። እጃቸውን ሲያወርዱ ሽማግሌው ከገቡበት ሰዓት ይልቅ ያረጁ መሰሉ።

«ሁለት ክረምት ሆነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መጀመሪያ ጉም ነበር፤ አሁን ነጭ መጋረጃ ነው። ለልጄ አልነገርኳትም። ብነግራት በዚያው ቀን ጠመንጃዬን ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍብኛለች። መንዳቱን ትቻለሁ፤ ይሄን ከተውኩ ጠዋት የምነሳው ለምንድን ነው?»

«እንግዲያውስ ጉዳችን ፈላ» አለች መርፌ፣ ግን በለሰለሰ ድምፅ። «ዘበኛውን ያቆሙት ባዶው ቤት ላይ ነው። ዕቃ ያለበትን ቤት ደግሞ በሩን በመፍቻ ንቀይልኝ እያሉኝ ነው።»

ላብ ይሁን ዝናብ ያልለየለት ውሃ የአባ አስር ግንባር ላይ ነበር፤ ሊጠርጉት ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ፣ መብራቱ ስር አስቀመጡት። ያኔ ነው ከኮፍያው ጥላ ጠርዝ ላይ አንዲት ነገር ብልጭ ያለችው። መርፌ ብሎን የምትይዝበትን ወረንጦ አንስታ፣ ከጨርቁ ውስጥ ነቅላ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጓት። የሩዝ ፍሬ እንኳ አታክልም፤ ጠርዟ ግን ስለት ነው።

«የጥይት ስባሪ ናት» አሉ። ከዚያ እንደ ሕልም ትዝ እያላቸው «ማክሰኞ ዕለት… ጥይት የሚፈረካከስባቸውን የዒላማ ብረት ሰሌዳዎች ቀረብ አድርገው ተክለዋቸው ነበር። ስተኩስ አንድ ነገር ግንባሬ ጋ ‹ጭርት› አለ። ዝንብ መስላኝ በእጄ እሽ አልኳት።»

ኮፍያውን መልሰው አደረጉና ከቀዳዳው እስከ ቀኝ ዓይናቸው ድረስ በጣታቸው ለኩ። ሁለት ጣት ነው። እንደገና ለኩት፤ ያው ሁለት ጣት።

«በይ መነጽሬን መልሽልኝ» አሉ በመጨረሻ። «የቀኙም ይኑር። እንዳለ አደርገዋለሁ።»

«እሱማ አይሆንም።»

«አሁን ደሞ ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎ አላጠፉም፤ መነጽሩ ነው። ይሄ እኮ ለፀሐይ የተሠራ ብርጭቆ ነው። ስባሪው ከመታው እሱም ይሰበራል፤ ያኔ አንድ የነበረው ስባሪ አስር ሆኖ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል።»

አባ አስር መስታወቱን በጥፍራቸው ቋ ቋ አደረጉት። «ድምፁን ስሚ! የድሮ ዕቃ ነው፤ ክብደቱስ!»

«በክብደትማ ከሆነ ድንጋይ ያድርጉ» አለችና ከመሳቢያ ቀለል ያለ፣ ጎኑ ወደ ጆሮ የሚታጠፍ መነጽር አወጣች። «ይሄ ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። እዚህ ጥግ ላይ የታተመችውን ፊደልና ቁጥር ያዩዋታል? የብረት ኳስ እየተወረወረበት ተፈትኖ አልፏል ማለት ናት። ክፈፉም ላይ መኖር አለባት። ፕላስቲኩ ችሎ ክፈፉ ከለቀቀው፣ ፕላስቲኩ ራሱ ነው ፊትዎን የሚመታው። ምልክቷ ከሌለች፣ ሻጩ ‹ጠንካራ ነው› ብሎ ቢምል አይመኑት። እኔንም ቢሆን።»

«ታዲያ በዚህ ጥይት ይቆማል?»

«አይቆምም! ፊት ለፊት የመጣ ጥይት የሚያቆም መነጽር ማንም ቢሸጥልዎ ውሸታም ነው። ይሄ ለስባሪ፣ ለባሩድ ብናኝ፣ ከጎን ካለው ሰው ጠመንጃ ለሚዘል ቀለህ ነው። ሰሌዳውንም ወደ ቦታው አርቁት ብለው ይንገሯቸው፤ መነጽር አለ ተብሎ ሞኝነት አይፈቀድም።»

አባ አስር መነጽሩን አደረጉት። መርፌ ከቅንድባቸው ስር ጣቷን ሰደደች፤ ጣቷ ገባ። «ጣት የገባበት ስባሪም ይገባበታል» ብላ አወለቀችው። ሁለተኛውም ሰፋ። ሦስተኛው ጉንጫቸው ላይ ልክክ አለ። ራስዎን ይነቅንቁ አለቻቸው፤ ነቀነቁ፤ አልተንሸራተተም። የጆሮ መከላከያቸውን ከሻንጣ አውጥተው በላዩ ላይ ደረቡበት፤ የመነጽሩ እጅ ቀጭን ስለነበር ጆሯቸውን አልቆረጠማቸውም፣ መከላከያውንም ክፍተት አላስያዘውም።

«በቃ፣ ይሄ በጥቁርም በቢጫም አለ፤ ጥቁሩን ይውሰዱ፤ ያምርብዎታል» አለች መርፌ።

አሁን የመሳቅ ተራው የአባ አስር ሆነ። «እንዲያ ነው እንጂ! ነገም ሰማዩ እንደዚሁ ነው፤ መተኮሻችን ደሞ ጣራ ስር። ጥቁር አድርጌ ዒላማውን በዳበሳ ልፈልገው?»

መርፌ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ስለ መነጽር ሁሉን አውቃለሁ ብላ ብርሃንን የረሳችው እሷ ነበረች። ሽማግሌው ራሳቸው ፈዛዛውን ቢጫ አንስተው በመስኮት ወደ ውጭ አዩበት፤ ማዶ ያለው የግንብ ጡብ አንድ በአንድ ተለየ። «ይሄ ነው» አሉ። ጥንካሬው በምልክቱ፣ ቀለሙ በሰማዩ እንደሚመረጥ ሁለቱም ተማሩ፤ አንዱን ከእሷ፣ አንዱን ከእሳቸው።

አክስቷ ውሃ እያንጠባጠበች የገባችው ያኔ ነው። ነገሩን ሰማች፤ በትንሿ መብራት የግራ ዓይናቸውን አየችና «አባቴ፣ የዓይን ሞራ ይመስለኛል» አለች። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ሞራ ከሆነ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ለልጅዎ ይንገሯት። ደብቀው አንዱን ከሚያጡ፣ ነግረው ሁለቱን ቢያገኙ አይሻልም?»

«ጠመንጃዬስ?»

«መነጽሩን አድርገው ይንገሯት» አለች መርፌ። «ጠንቃቃ ሰው ይመስላሉ።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሱቁ በር ተከፈተና አባ አስር ገቡ፤ በዚህ ጊዜ መደርደሪያውን ዞረው ነው ያለፉት። ከኋላቸው አምስት ሽማግሌዎች ተከተሉ። ከፊት ያለው፣ ቅንድቡ ላይ የዱቄት ብናኝ የቀረበት ሰው፣ ባለ ወፍጮው መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። አምስቱም የፀሐይ መነጽር ይዘዋል፤ የሁሉም መነጽር ደግሞ የቀኝ መስታወት የለውም!

«ያቺን መፍቻ አውሺኝ» አላት ባለ ወፍጮው፤ መስታወቱን ከኪሱ እያወጣ። «ልመልሰው ነው።»

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች መርፌ ሳቋን እያፈነች።

«ዳኛው ናቸዋ!» አሉ አባ አስር። «ገና ሳንጀምር በየተራ እየዞሩ መነጽራችንን በጣታቸው ነካ ነካ ሲያደርጉ፣ የዚህ ሰውዬ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ዓይኑ ውስጥ ገባ! አምስቱም አንድ ብልሃት አስበዋል። አምስቱም ተባረሩ። ዋንጫውን እኔ ወሰድኩ፤ ከመቶ ዘጠና አራት ነጥብ።»

«ሰው በሌለበት!» አለ ባለ ወፍጮው አሁንም እንባ ያቀረረ ቀኝ ዓይኑን እያሻሸ።

«ይሄን ነው ማልቀሻ ያደረገው። ስለዚህ አመጣኋቸው። በሚቀጥለው ወር ከነዓይናቸው ነው የማሸንፋቸው።»

ባለ ወፍጮው መፍቻውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ አባ አስር እጁን ያዙት። ከደረት ኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አውጥተው ከፈቱ፤ ስባሪዋ ጥጥ ላይ ተኝታለች።

«ይቺን እያት። ኮፍያዬ ላይ ነው የተገኘችው፤ ሁለት ጣት ዝቅ ብትል ኖሮ ዛሬ ወደዚህ የምትመሩኝ እናንተ ነበራችሁ። ያ በእጅህ ያለው ብርጭቆ ነው፤ ብትመልሰውም አይረባህም። ጥግ ላይ ምልክት ያለበትን ፈልግ፤ ክፈፉንም እይ። ከቅንድብህ ስር ጣት የሚገባ ከሆነ አትውሰደው። ቀለሙን እንደ ሰማዩ። በደረቅ ጨርቅ አትሽው፤ ይጫጫራል፤ በውሃና በሳሙና እጠበው። አንድ ቀን ስባሪ ከመታው ደሞ ደህና ቢመስልህም ቀይረው፤ እኔ ጠጠር የመታውን የአውቶቡስ መስታወት ይዤ ሰው ጭኜ አልወጣም ነበር። ስትተኩስ ስለ ዓይንህ ካላሰብክ ስለ ዒላማው ታስባለህ። ቅዳሜ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ አልተሸማቀቅኩም። ዘጠና አራቱ ከዚያ ነው የመጣው።»

ባለ ወፍጮው መፍቻውን አስቀመጠ። «እሺ፤ የትኛው ነው ለእኔ ፊት?» አለ እያጉረመረመ፤ ሌሎቹም ወደ መሳቢያው ተጠጉ።

አባ አስር ወደ መርፌ ጎንበስ አሉ። «ለልጄ ነገርኳት። አለቀሰች፤ ተቆጣች፤ ከዚያ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሞራ ነው። ሐሙስ ይነሳልኛል። ጠመንጃውን ግን አልቆለፈችብኝም። ‹መነጽሩ ካለህ› አለችኝ።»

«ይሄን ሁሉ ደሞ ማን አስተማረህ?» ሲል ጮኸ ባለ ወፍጮው ከወዲያ፣ መነጽሩ ላይ ምልክቷን በአጉሊ መነጽር እየፈለገ።

አባ አስር መርፌን አዩ። መርፌ ደግሞ ለመመስገን አንገቷን ቀና አድርጋ ተዘጋጅታ ነበር።

«ዝናብ» አሉ።

አክስቷ ስቃ ስታበቃ ታዛውን በዚህ ሳምንት እንደምታሠራው አስታወቀች። መርፌ ግን እንዳይነካ ለመነች። እስካሁንም ያፈሳል።