ለሰርቨር የደገምኩት አቡነ ዘበሰማያት

ማርያምን እላችኋለሁ፣ አታምኑኝም! ንፋስ መውጫ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ሳለሁ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ስብሰባ ወጥቶ፣ የማሽን ክፍሉ ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ አንዲት ልጅ ናት። "አባባ፣ የእናንተን ሰርቨር ሶፍትዌሩን ከዚህ ሆኜ ሳድስ መሐል ላይ ቀጥ አለብኝ። ካልተነሳ ከሥራ መባረሬ ነው" ብላ ለቅሶ ጀመረች። እኔ እንኳን ሰርቨር ፊደልም አላውቅ፤ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ግን አንጀቴ ደብረ ታቦር ድረስ እየተሰማ ይንሰፈሰፋል።

"ልጄ፣ ቀይ መብራቱ እንደ ታመመ በሬ ዓይን ቡዝዝ ብሏል" አልኳት።

"ገመዱን ይንቀሉና አንድ ደቂቃ ቆይተው ይመልሱት።"

"ደቂቃ የምለካበት ሰዓት የለኝም። አቡነ ዘበሰማያት ልድገምበት?"

"ይድገሙበት አባቴ!"

ነቅዬ ጀመርኩ፤ እሷም በለቅሶዋ መሐል ተከተለችኝ። "አሜን" ስል ከስልኩ ውስጥ የአንድ ደብር ካህናት የሚያህል ሕዝብ "አሜን!" አለ። ለካ አለቆቿ ሁሉ ከብበው ይሰሙናል። ገመዱን መለስኩት፤ ማሽኑ እንደ ንብ ቀፎ እምም ብሎ አረንጓዴ አበራ።

"ተነሳልኝ! ተነሳልኝ!" ብላ ልጅቷ ስትስቅ፣ ዋናው አለቃዋ ስልኩን ነጥቆ ጮኸ፦

"አባባ፣ የሌሎች አሥር ወረዳዎችም ሰርቨር ቆሞብናል፤ እባክዎ ለእነሱም ይድገሙልን!"