የጋሼ መኮንን ርስት

ጋሼ መኮንን ሃርልስደን ያለችው ጋራዤ ሲገቡ ፊታቸው እንደ አዲስ ተሿሚ በርቷል። በደርግ ጊዜ ከወጡ ጀምሮ ለንደን ናቸው፤ ጆሯቸው ግን እንግሊዝኛውን ሁሉ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል።

«ስማ፣ መኪናዬን ለዓመታዊ ምርመራ ብወስዳት ፈረንጁ ከስሯ ገብቶ ቼክ አደረገና ምን አለኝ መሰለህ? ብዙ ርስት አለህ አለኝ!»

«ምን አለዎት?»

«ርስት ነዋ! እየደጋገመ። ግን የአባቴን መሬት ማን ነገረው? እሱንም ቢሆን ደርግ ወስዶብናል!»

ሳቄን በግድ ዋጥኩት። «ጋሼ፣ ራስት ነው ያለዎት። ዝገት ማለቱ ነው። በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው በልቷት ነው።»

«ጨው መንገድ ላይ? እኛ አገር ስንት በረሃ አቋርጦ በግመል የሚመጣውን?»

መኪናዋን በክሪክ አነሳሁና ሆዷን በካቻቢቴ ነካ ባደርገው፣ ላሜራው ተበሳና ቀይ ዱቄት ዘረገፈ። ጋሼ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዘገኑና በጣታቸው አሹት።

«አፈሩስ የኛኑ አገር ይመስላል» አሉ።

እኔም ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ይኼ ሁሉ ተቆርጦ ካልወጣና አዲስ ላሜራ ካልተበየደ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱባትም» አልኳቸው።

መዳፋቸውን አራግፈው ቀና አሉ።

«በል ቁረጠው» አሉኝ። «ከርስቴ ስነቀል የመጀመሪያዬ አይደለም።»