የእሸቴ እርቅና የጠረፉ ከብት

አቶ እሸቴ የሚያማቸውን ጉልበት ፍል ውሃ ሊነክሩ ወንዛዬ የወረዱት ብቻቸውን ነበር። ታጥበው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ሲሉ ግን ደብረ ታቦር ሥራ ላይ ናት ያሏት የወንድማቸው ልጅ ፈንታነሽ ፀጉሯ እንደረጠበ ከሴቶቹ መታጠቢያ ብቅ አለች። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር መምጣቷ ነው። አጎቷን ስታይ ክው አለች፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ አሳድገው ያስተማሯት እሳቸው ናቸውና፣ “እንዴት ብዬ ልንገራቸው?” እያለች ስትጨነቅበት የከረመችው ነገር ነበራት።

ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

“ቀስ! የታመመውን ነው የሳምሽው” አሉ እየሳቁ። “ምነው ፊትሽ ገረጣ?”

“አዲስ ሥራ አግኝቻለሁ ጋሼ። መተማ፣ ጠረፉ ላይ ነው። የሰላም ባለሙያ እሆናለሁ። ከአገር አገር የሚሻገር ጠብ፣ የከብት በሽታ፣ የግጦሽና የውሃ ክርክር ሳይሰፋ የሚከላከል መሥሪያ ቤት ነው፤ የእኛም የሱዳንም ሰዎች አሉበት። የአንቱን ምርቃት ሳልይዝ ግን አልሄድም።”

አቶ እሸቴ በአገሩ አንቱ የተባሉ አስታራቂ ናቸው። እናም የጠየቁት መጀመሪያ ስለ ሩቁ መንገድ አልነበረም።

“ደመወዝ አለው?”

“አለው።”

“ለእርቅ ደመወዝ! ዳኛ ቢቀበል ጉቦ ነው፣ ሽማግሌ ቢቀበል ነውር ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስታርቅ ከጠላ በቀር የቀመስሁት የለም። የወንድሜ ልጅ እርቅ ልትቸረችር ነው ይበሉኝ?”

“እውነት ነው ጋሼ። ግን አንቱ ሽምግልና ሲውሉ ማሳውን ማን ያርሳል?”

“ልጆቼ ናቸዋ!”

“እኔ ማሳም የለኝ፣ የሚያርስልኝም የለኝ። ደግሞ የሚከፍሉኝ ባለጠቦቹ ቢሆኑ አንቱ እንዳሉት ነውር ነበር። የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ወደ ማንም እንዳላደላ።”

 የአገራችን ሽማግሌ ግን አንድ ጊዜ ስለተረታ መቋሚያውን አንሥቶ አይሄድም፤ በሌላ በር ይመጣል። አቶ እሸቴም መጡ።

“ይሁን። ሽምግልና ግን ሰው ማወቅ ነው። እኔ የጌጡን አያት አውቃለሁ፣ የዓለምነውን ቁጣ አውቃለሁ። አንቺ የማታውቂውን ሰው ከማታውቂው ሰው እንዴት አድርገሽ ታስታርቂያለሽ? የደጃችን ሳይጠረግ የዓለሙን?”

“ጌጡንና ዓለምነውን ካነሡ ዘንዳ፣ የእነሱስ እርቅ ለምን አልጸና አለ?”

አቶ እሸቴን ያመማቸው ነገር ይኸው ነበር። ጌጡና ዓለምነው ጎረቤታሞች ናቸው። የጌጡ ከብቶች ታመው ሲያልቁ “ዓለምነው ከአንበሳሜ ገበያ በገዛው በሬ በሽታ አስገባብኝ” ብሎ ተነሣና ዱላ ተማዘዙ። አቶ እሸቴም እንደ ልማዱ ጥፋተኛ ፈለጉ፤ ዓለምነውን ጊደር አስክሰው፣ በግ አሳርደው አስታረቁ። በዓመቱ በሽታው ተመለሰ፤ ጠቡም አብሮት መጣ። ከዚያ ወዲህ “የእሸቴ እርቅ ክረምት አይሻገርም” ተብሎ በየጠላ ቤቱ ይቀለዳል። ያን ዕለት እንኳ አቶ እሸቴ ከፍል ውሃው ሲወጡ ሁለቱን ሰዎች በወንዶቹ ገንዳ ውስጥ ሳይነጋገሩ ጀርባ ለጀርባ እንደተቀመጡ ትተዋቸው ነበር።

“በሬውን ለዓለምነው የሸጠለት ማነው?” አለች ፈንታነሽ።

“ነጋዴ።”

“ነጋዴውስ ከየት አመጣው?”

“እኔ ምን አውቄ!”

“ከጠረፍ ነው። የአንበሳሜን ነጋዴዎች ጠይቄያቸዋለሁ። ከድንበሩ ማዶ ጠብ ሲነሣ አርብቶ አደሩ ከብቱን ሳያስከትብ ይዞ ይሸሻል፤ በርካሽም ይሸጣል። በሽታው ከገበያ ገበያ ዞሮ ዞሮ ጌጡ በረት ይገባል። ዓለምነው በሬ ገዛ እንጂ ምን አጠፋ? እኔ የምሄደው ማዶ ያሉት እንዲስማሙ፣ ከብቱ ተረጋግቶ እንዲከተብ፣ በሽታ ከታየም ወሬው ከከብቱ ቀድሞ እንዲደርሰን ነው። የመሣሪያ ንግዱም፣ ድርቁም እንደዚሁ ነው ጋሼ፤ ድንበር አያግዳቸውም። መንደር ለመንደር አንቱ አሉ። አገር ለአገር ሲሆን ግን ቋንቋውንም የከብቱንም ነገር ተምሮ፣ ሥራዬ ብሎ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል።”

አቶ እሸቴ “ንጹሕ ሰው አስክሻለሁ በይኛ!” አሉና ተነሡ። ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉ፤ በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው ማለት ነው። እያነከሱ ወደ ወንዶቹ ገንዳ ገቡ።

“ዓለምነው! በሬህም አንተም አልበደላችሁም። በሽታው ከጠረፍ ነው የመጣው። የበደልሁህ እኔ ነኝና ይቅር በለኝ!”

ዓለምነው ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ፎጣውን በአንድ እጁ ይዞ ዘሎ ወጣ። “ኧረ በማርያም! አንቱ ድንጋይ ይሸከማሉ?” ጌጡም በሌላው በኩል ደረሰ። ድንጋዩን አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ይዘው አወረዱት። እንዲህ ተቀራርበው ከቆሙ ስንት ጊዜያቸው!

ጌጡ ነገሩን ሰምቶ አንገቱን ደፋ። “ጊደሯን ከነጥጃዋ እመልሳለሁ” አለ። “ጥጃዋ ግን ያደገችው በእኔ ሣር ነው።”

“የእናቷን ወተት ጠጥተህ የለም እንዴ!” አለ ዓለምነው። በገንዳው ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሁለቱም አብረው ሳቁ።

አቶ እሸቴ ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። “እኔ ቅርንጫፍ ስመለምል ኖሬ ሥሩ ማዶ ኖሯል” አሉ። “ሥሩን የሚይዝ ካለ ከብቱም ይተርፋል፣ ጎረቤትም አይፋጅም፣ የእኔም እርቅ ክረምት ይሻገራል። ሂጂ ልጄ! አፍሽን ያጣፍጠው፤ የተጣላ ሁሉ ቃልሽን ይስማ፤ በሄድሽበት ሰላም ይቅደምሽ።” ፈንታነሽ “አሜን፣ አሜን” እያለች በደስታ አለቀሰች።

ከገንዳው ተከትሎ የወጣ አንድ ሽማግሌ ልጅቱን አየት አድርጎ፣ “ይቺ ደግሞ ሥራዋ ምንድነው?” ሲል ጠየቀ።

አቶ እሸቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ደረታቸውን ነፉ።

“ሽማግሌ ናት” አሉ። “ለዚያውም ደመወዝተኛ!”