የክዳኑ ማጠፊያ

ሆሳዕና፣ ወንጌል ሊሰብክ ደቡብ ሱዳን ሄዶ ከአራት ዓመት በኋላ ለዕረፍት የመጣው አናጢ ዴታሞ ቤት፤ ሚስቱ ብርቅነሽ ብዕር ይዛ ወረቀት ፊት ተቀምጣለች።

ዴታሞ፦ ለቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤውን ጻፊው ብያለሁ! «ከእንግዲህ አልመለስም» በይና ጨርሺው።

ብርቅነሽ፦ አራት ዓመት ሙሉ ና እያልኩ ስለፈልፍ ጆሮ ያልሰጠኸኝ ሰው፣ ዛሬ ምን አጣደፈህ?

ዴታሞ፦ ደስ ይልሻል ብዬ ነበር።

ብርቅነሽ፦ ደስማ ይለኛል። ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «ለምን?» ቢሉ ምን ልበል? ጸልየው፣ አልቅሰው የላኩህ ሰዎች ናቸው።

ዴታሞ፦ ወባ በይ።

ብርቅነሽ፦ ወባ! ትናንት ያን ሁሉ ቆጮ የጨረስከው በወባ ነው?

ዴታሞ፦ ሳቂ አንቺ።

ብርቅነሽ፦ አልሳቅኩም። ውሸት በእጄ አልጽፍም፤ ከፈለግክ ራስህ ሞነጫጭር።

ዴታሞ፦ …የሬሳ ሳጥን ሠራሁ።

ብርቅነሽ፦ እና? እዚህ ስንቱን ሠርተህ የለም እንዴ?

ዴታሞ፦ ለቾል ነው የሠራሁት። የመንደሩ ሽማግሌ ነው፤ ሌላው ሰው እኔን የሰማው እሱ ስለሰማኝ ነው። ታመመ። ጠዋት ጠዋት አጠገቡ ተንበርክኬ እጸልይለታለሁ፤ ከሰዓት ቤቴ ገብቼ መጋዜን አነሳለሁ።

ብርቅነሽ፦ በቁሙ? ሰውየው እየተነፈሰ?

ዴታሞ፦ እዚያ መንደር በምንጣፍ ጠቅልለው ነው የሚቀብሩት፤ እሱ እንኳ በክብር ይሂድ ብዬ ነው። የአባቴን ቀብር ረሳሽው? እድሩ አጣድፎኝ፣ ክዳኑ አልገጥም ብሎኝ በሰው ፊት በመዶሻ ስደበድበው? ለማከብረው ሰው ሁለተኛ በጥድፊያ አልሠራም ያልኩት ያን ቀን ነው።

ብርቅነሽ፦ ቁመቱን ለካህ?

ዴታሞ፦ በዓይኔ። እየጸለይኩ።

ብርቅነሽ፦ ኢየሱስ!

ዴታሞ፦ በዐሥረኛው ቀን ምርኩዙን ይዞ ራሱ መጣ፤ ጸሎትህ አዳነኝ ሊለኝ። ሳጥኑ መሃል ቤት ተጋድሟል። «የማን ነው?» አለኝ። «ያንተ» አልኩት።

ብርቅነሽ፦ ምናለ ብትዋሸው!

ዴታሞ፦ ውሸት አልጽፍም ያልሽው አሁን አይደለም?

ብርቅነሽ፦ እሺ፤ ምን አለ?

ዴታሞ፦ ፊቱን አዙሮ ወጣ። እሁድ ለጸሎት አንድ ሰው አልመጣም፤ የሚቀጥለውም እሁድ እንደዚያው። እውነታቸውን ነው፣ ብርቄ። አፌ «ፈውሰው» ሲል እጄ «ይሞታል» ይል ነበር። እኔ ያላመንኩትን ማን ይመንልኝ?

ብርቅነሽ፦ ሳጥኑስ? አቃጠሉት?

ዴታሞ፦ ቾል አስወሰደው። ማሽላ ከተተበት።

ብርቅነሽ፦ ምን?

ዴታሞ፦ ማሽላ። ስመጣ ደግሞ እስከ መኪናው ሸኘኝ። «አይጥ አስቸግሮኛል፤ ስትመለስ ለክዳኑ ማጠፊያ አምጣልኝ» አለኝ። እያሾፈብኝ ነው።

ብርቅነሽ፦ የዓመት ቀለቡን ያንተ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ነው የሚያሾፍብህ?

ዴታሞ፦ እንጃ።

ብርቅነሽ፦ «ስትመለስ» ነው ያለህ?

ዴታሞ፦ አዎ ብያለሁ! ብመለስስ? እነዚያን የጸሎት ቤቱን ባዶ አግዳሚ ወንበሮች ብቻዬን ተቀምጬ ላያቸው ነው? አንቺ እንደሆነ ድንበር አልሻገርም ብለሽ ምለሻል። ማጠፊያም አልገዛሁም። ጻፊ!

ብርቅነሽ፦ ምን ግዢ ያስፈልገዋል? የዚህን በር ማጠፊያ ነቅለህ ያዝ። እኔም አብሬህ ከሄድኩ ማን ሊከፍተው ነው?